የአንድ መስመር አቤቱታ

አንዲት ምላሰኛ የኮምፒውተር ባለሙያ ለመሥሪያ ቤቷ የአቤቱታ መቀበያ ፕሮግራም ሠራች። ባለጉዳይ «አቤቱታ አለኝ» ብሎ ሲጽፍ ሰፊ ባዶ ገጽ ይከፈትለታል፤ የልቡን ሁሉ ጽፎ፣ አስቀምጦ ይዘጋዋል። ሕዝቡም በገጽ ላይ ገጽ ይደረድር ጀመር።

ዋና ሥራ አስኪያጁ ቱግ አሉ። «ይህን ሁሉ ማን ያነባል? ገጹን አጥፊው! አንድ መስመር ይበቃል፤ የኢንተር ቁልፍ ሲነካ ያብቃ!»

«ጌታዬ፣ በአንድ መስመር ምን ይባላል?»

«እኔ አሳይሻለሁ! የመጀመሪያውን የአንድ መስመር አቤቱታ ባንቺው ላይ ጽፌ ዛሬውኑ አባርርሻለሁ።»

እንዳሉት አስተካከለችው። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ እያየ ተቀመጡና፣ እንደ ደብዳቤ ልማዳቸው ከስማቸው ጀመሩ፦ «ክቡር ዶክተር ኢንጂነር ሽመክት ባይለየኝ፣ ዋና ሥራ አስኪያጅ»። ከዚያ ወደ ታች ለመውረድ ኢንተርን ሲጫኑ፣ ፕሮግራሙ «አቤቱታዎ ተመዝግቧል፤ እናመሰግናለን» ብሎ ተዘጋ።

«ገና ምኑን ጻፍኩና! ስሜ ብቻ እኮ ነው ያለው!» ብለው ጮኹ።

ባለሙያዋ እጅ ነሣች። «እውነትዎን ነው ጌታዬ፣ ለካ አንድ መስመር ይበቃል! ሕዝቡ ገጽ ሙሉ ጽፎ ያልጨረሰውን አቤቱታ እርስዎ በስምዎ ብቻ ጨረሱት።»