ትከሻው የታመመው ሰው ለምን ዝም አለ?

አዳማ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ አንድ ሰው ነበር። ስሙን አልነግራችሁም። ብነግራችሁ እሱን ስታስቡ ትውላላችሁ፤ እኔ ደግሞ ዛሬ ራሳችሁን እንድታስቡ ነው የምፈልገው።

ይህ ሰው ብረት ማንሳት ይወዳል። ማለዳ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ጂም ይገባል። ደረቱ ሰፊ ነው፤ ሸሚዝ ሲገዛ እጅጌው የሚጠበው ዓይነት ሰው ነው። በተለይ በቤንች፣ በጀርባ ተኝቶ ብረቱን ከደረት ወደ ላይ በመግፋት፣ በዚያ ጂም የሚደርስበት አልነበረም። እሱ ሲያነሳ ሌላው ሥራውን ትቶ ቆሞ ያየዋል። እሱም መታየቱን ይወዳል። ማን የማይወድ አለ?

ቶሌራ የሚባል ጓደኛ ነበረው፤ የሒሳብ መምህር፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። ወደ ጂም ያመጣው ይኸው ሰው ነው። "ና እንጂ፣ ነፋስ ሳይወስድህ" እያለ እየቀለደ አመጣው። አያያዙን፣ አተነፋፈሱን ሁሉ አስተማረው። ቶሌራ ባዶውን ብረት እንኳ እየተንቀጠቀጠ ሲገፋ፣ ከራስጌው ቆሞ "አይዞህ፣ ግፋ፣ እኔ አለሁ" ይለው ነበር። ያኔ ይወደው ነበር።

ልብ አላችሁ? ያኔ ይወደው ነበር። ከእኛ በታች ያለን ሰው መውደድ ምን ያስቸግራል?

ከዚያ በከተማው ያሉ ጂሞች የሚወዳደሩበት ጊዜ ጥቂት ወራት ቀረው። የጂሙ አሰልጣኝ ለቤንች የመረጠው ይህንን ሰው ነው። ሰውየውም አንድ ማለዳ ሲለማመድ ከለመደው በላይ ጫነ። አሰልጣኙ "ይቅርብህ" አለው፤ አልሰማም። ብረቱን ከደረቱ ላይ ሲያነሳ ቀኝ ትከሻው ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ጩኸቱ ውጭ ድረስ ተሰማ።

ሐኪሞቹ የትከሻው ጅማት በከፊል መቀደዱን ነገሩት። ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም፤ ጊዜ ግን ያስፈልገዋል። ውድድሩም ቀረበት። አሰልጣኙ በእሱ ቦታ ማንን ተካ? እያደር የበረታውን ቶሌራን።

ወገኖቼ፣ ሰውየውን ሁለት ሕመም የያዘው በዚያን ቀን ነው። አንዱን ሐኪም አይቶታል። ሁለተኛውን ግን ማንም አላየውም።

ወደ ፊዚዮቴራፒ ላኩት። እዚያ የምትሠራው ሰናይት የምትባል ባለሙያ ጎንበስ አስባለችውና ክንዱን እንደተንጠለጠለ ገመድ ለቆ ቀስ ብሎ እንዲያወዛውዘው አዘዘችው። ከሰነበተ በኋላ ደግሞ ግድግዳ ላይ በጣቶቹ እየተራመደ እጁን ወደ ላይ እንዲያወጣ። ያ ግዙፍ ሰው ግድግዳ ላይ በጣቱ ሲሄድ ይታያችሁ!

"ሲስተር፣ ስፖርቱ ይኼ ነው?" አላት።

"ለዛሬው ትከሻዎ ይኼ ብዙ ነው" አለችው። "ካመመዎት ያቁሙ። ማንም እያሳደደዎት አይደለም።"

እሱ ግን እየተሳደደ ነበር። ማን እንደሚያሳድደው ታውቃላችሁ?

ቶሌራ ሊጠይቀው ይመጣል። ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ ከሱቁ የላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ያወርድለታል፣ ያጫውተዋል። አንድ ቀን ፊቱ በርቶ ገባ። "ምን ሆነ መሰለህ! ዛሬ ያንተን ክብደት ነካሁት! አንተ ያሳየኸኝን አያያዝ ይዤ እኮ ነው!"

ሰውየው "ጎሽ" አለ። ጎሽ ያለው አፉ ብቻ ነው። ቶሌራ እንደወጣ ብርቱካኑን እንዳለ ለጎረቤት ሰጠው። አልበላውም። የቀናበትን ሰው ብርቱካን እንዴት ይብላ?

ከዚያ ወዲህ ምን ያደርግ ጀመር መሰላችሁ? ስለ ቶሌራ መጠየቅ። ከጂም የሚመጣውን ሁሉ "ቶሌራ እንዴት ነው?" ይላል። ሰዎች ስለሚወደው ይመስላቸዋል። "በርትቷል" ሲሉት ቀኑ ይበላሽበታል። "ዛሬ ትንሽ ደክሞታል" ሲሉት ምሳው ይጣፍጠዋል። የጓደኛው ድካም ምግቡ ሆነ።

ባለቤቱ ፍሬሕይወት ይህን ታያለች። አንድ ቀን እራት ላይ "መምህር ሆኖ እንዴት ለብረት ጊዜ አገኘ? ተማሪዎቹን እየበደለ ነው" ብሎ ሲጀምር፣ ማንኪያዋን አስቀመጠችና አየችው።

"አንተ ሰውዬ፣ የታመመው ትከሻህ ነው ወይስ ዓይንህ?" አለችው።

ተቆጥቶ ተነሣ። ሰው ለምን ይቆጣል? እውነት ስትነካው አይደል?

ጊዜው ደርሶ ሰናይት ወደ ጂም እንዲመለስ ፈቀደችለት። ፈቀደችለት ማለት ግን ትንንሾቹን ዳምቤሎች ብቻ፣ ጀማሪዎች በአንድ እጅ የሚይዟቸውን ብረቶች፣ ቀስ ብሎ፣ ካመመው እያቆመ። "በየሳምንቱ ትንሽ እንጨምራለን" አለችው። ሄደ። ጥግ ይዞ ትንሿን ዳምቤል ማንሳት ጀመረ። ፊት ለፊቱ መስታወት አለ። በመስታወቱ ውስጥ ከኋላው ቶሌራ ይታየዋል። ቶሌራ ሲያነሳ ሰው ሥራውን ትቶ ቆሞ ያየዋል። ቀድሞ እሱን ያዩት የነበሩት ሰዎች ናቸው።

አልቻለም። ትንሿን ዳምቤል ጣለና ከባዱን አነሳ። ሁለቴ እንኳ አልገፋም፤ ትከሻው እንደገና ያዘው። ሰናይት ስታየው ፊቷ ጠቆረ። "ምን ሠሩ?" አለችው። "ምንም" አላት። ዋሻት። ሲሻለው የነበረው ትከሻ ወደ ማወዛወዙና ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ቅናት የሰው ትከሻ አይሰብርም፤ የራስን ነው የሚሰብረው። እሱ ግን ከዚህም አልተማረም። በቶሌራ ይበልጥ ተናደደ። ቶሌራ ምን አደረገው? ምንም! ብረቱን ነው ያነሳው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አድምጡኝ።

ውድድሩ በተቃረበበት ጠዋት ቶሌራ ሊሞክረው የፈለገ ትልቅ ክብደት ነበረ። ጓደኛውን ጠራው። "ወንድሜ፣ ከራስጌዬ ቁምልኝ" አለው።

"በየትኛው ትከሻዬ ነው የምይዝልህ?"

"መያዝ የለብህም። አንተ እያለህ ልቤ ይረጋል፣ ለዚያ ነው። ካቃተኝ አሰልጣኙን ጥራው፤ ያውና ቅርብ ነው።"

ሥራው ይህች ብቻ ናት። መጥራት። አንድ ቃል።

ቶሌራ ተኛ። ብረቱን አወረደ። ደረቱ ላይ ደረሰ። መግፋት ጀመረ፤ እስከ ግማሽ ወጣ፣ ቆመ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተመልሶ ወረደ። ደረቱ ላይ ተቀመጠበት። ፊቱ ቀላ፣ አንገቱ ላይ ሥሮቹ ተገተሩ። ሙዚቃው ይጮኻል፤ አሰልጣኙ ጀርባውን ሰጥቶ ሌላ ሰው ያስተምራል። ቶሌራ መናገር አልቻለም። ዓይኑን ብቻ ወደ ላይ፣ ወደ ጓደኛው አንሥቶ አየው።

ጓደኛውስ? ዝም አለ።

ወገኖቼ፣ የታመመው ትከሻው ነበር። አፉ ጤነኛ ነው። ምላሱ ጤነኛ ነው። ታዲያ ለምን ዝም አለ? እሱ ራሱ በኋላ እንዲህ ብሎ ነግሮኛል። "ፓስተር፣ እንዲሞት አልፈለግኩም። እንዲሸነፍ ነበር የፈለግኩት። ትንሽ ይቆይበት፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያቅተው ይየው አልኩ።" ትንሽ ይቆይበት! እንዲህ ያለች ሐሳብ አልፋባችሁ አታውቅም?

የቶሌራ እግር ወለሉን መምታት ሲጀምር ነው የደነገጠው። ያን ጊዜ ጮኸ። አሰልጣኙ ዘሎ መጣ፣ ሌሎችም መጡ፣ ብረቱን አነሱት። ቶሌራ ጎኑን ይዞ ተንከባሎ ወረደና ሳለ፣ ሳለ፣ ተነፈሰ። ሰዉ ግን ሰውየውን ከበበው። "እንኳን አንተ ኖርክ! ባትጮኽ ኖሮ አልቆለት ነበር!" እያሉ ጀርባውን መቱለት። አስቡት፤ በክፋቱ ሲመሰገን። ቶሌራ ብቻ ፎጣውን አንሥቶ ወጣ።

ሰውየው ያን ቀን ሱቁን አልከፈተም። በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ወደ ቶሌራ ትምህርት ቤት ሄደ። ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ዳር፣ የአጥሩ ጥላ ሥር ቆሙ።

"ቶሌራ፣ የምነግርህ ነገር አለ። ትናንት ቀድሜ መጥራት እችል ነበር።"

"አውቃለሁ" አለ ቶሌራ።

"እንዴት አወቅህ?"

"ከላዬ ነበርክ እኮ። ፊትህን እያየሁ ነበር።" ከዚያ ዓይኑን ወደ ልጆቹ መለሰ። "የማላውቀው ሰው ቢሆን ባልገረመኝ። ምን አድርጌህ ነው?"

"ምንም። ምንም አላደረግከኝም። ቀናሁብህ። እኔ ባስተማርኩህ በለጥከኝ፣ አልቻልኩም" አለና እዚያው ተማሪዎቹ እያዩት አለቀሰ።

ቶሌራ አቅፎት እንዲያው ሁሉም ነገር የተረሳ ይመስላችኋል? አይደለም። ሰው ነው። "ይቅር ብዬሃለሁ፣ በእግዚአብሔር ፊት ይቅር ብዬሃለሁ" አለው። "ግን አሁን ከራስጌዬ እንድትቆም አልፈልግም። ልቤ አይረጋልኝም።" ደወል ተደወለና ወደ ክፍሉ ገባ።

ከዚህ በኋላ ነው ሰውየው በእውነት መታከም የጀመረው። ሰናይት ጋ ሄዶ "ሲስተር፣ ዋሽቼሻለሁ፣ ከባድ አንስቼ ነው" አላት። "ገብቶኝ ነበር" ብላ የመለማመጃ ላስቲክ በር እጀታው ላይ አሰረችለት። ጎተተ። ሲያመው አቆመ። በነጋታው እንደገና ጎተተ። ጂም ሲመለስ ጥጉን ያዘ፣ ትንሿን ዳምቤል አነሳ፣ መስታወቱንም ጀርባ ሰጠው።

የቶሌራን ስም በጸሎት መጥራት ጀመረ። መጀመሪያ ስሙን ሲጠራ ያ ብረት፣ ያ ቆሞ የሚያይ ሰው እየመጣበት ያቃጥለዋል። ግን አላቆመም። ውድድሩ ላይ ሄዶ ከተመልካች መሀል ቆመ። ቶሌራ ሁለተኛ ወጣ። ሰውየው አጨበጨበ። "እጄ ቀድሞ አጨበጨበ፣ ልቤ ግን ከስንት ወር በኋላ ነው የደረሰበት" ብሎኛል።

ትከሻው ዳነ። የድሮውን ክብደት ግን ዳግመኛ አላነሳም፤ ሰናይት ከልክላዋለች፣ እሱም ሰምቷል። እና አንድ ጠዋት ቶሌራ ቤንቹ ላይ ከመተኛቱ በፊት ዙሪያውን አየና ጠራው። "ና፣ ቁምልኝ።"

ሰውየው ወዲያው አልመጣም። "አሰልጣኙም አብሮኝ ይቁም" አለ። "እሱ ትከሻዬን ይርዳኝ፤ አንተ ደግሞ ፊቴን እያየህ ግፋ።"

እናንተ ሆይ፣ አሁን ወደ እናንተ ልዙር።

ጂም የማትገቡ ብዙ ናችሁ። ብረት ነክታችሁ አታውቁም። ግን ማን ነው አብሯችሁ ተነሥቶ የበለጣችሁ? አብራችሁ ተቀጥራ ከእናንተ ቀድማ ያደገችው ማን ናት? እናንተ ልጅ ስትለምኑ የወለደችው፣ የእናንተ ሱቅ ሲቀዘቅዝ ሱቁ የሞቀለት፣ በመዘምራኑ መሀል እናንተ ባስጠናችሁት መዝሙር የተመሰገነው ማን ነው? እሱ ሲቸገር አንዲት ቃል ብትናገሩለት ይተርፍ ነበር። አለቃው ፊት አንዲት ቃል። ሲታማ አንዲት ቃል። ተናገራችሁ? ወይስ "ትንሽ ይቆይበት" አላችሁ?

ክፉ አላደረግንም እንላለን። አልገፋነውም፣ አልመታነውም፣ ዝም ብቻ ነው ያልነው። እግዚአብሔር ግን ዝምታችንን ያውቀዋል። ከላይ ነው እኮ የሚያየን።

ስለዚህ ወደ ቤታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉልኝ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። የዚያን ሰው ፊት አምጡት፣ መጀመሪያ የመጣውን፤ አትለውጡት። ስሙን ጥሩት። ቢያቃጥላችሁም ጥሩት። ከዚያ ቀስ ብላችሁ፣ ለራሳችሁ ሳትለምኑ፣ ከእኔ ጋር በሉ፦

ጌታ ሆይ፣ ጨምርለት።