ፍልፈልና ቆቅ ያመጡት ውኃ

ተረት ተረት፣ የሰማ ይንገራት። በድርቅ ጊዜ ጎሽ ውኃ ከምንጩ ወደ መንደሩ የሚያመጡ ቆፋሪዎች ፈለገ። ፍልፈል ቢሄድ፣ «ዕውር ምን ይሠራልኛል?» ብሎ መለሰው። ቆቅንም፣ «የጫጩት እናት አልቀጥርም» አላት።

ፍልፈል ሆድ ብሶት ሲመለስ ቆቅ ደረሰችበት።

«ወንድሜ፣ እኔ ከላይ እየተራመድኩ አቅጣጫውን ልምራህ፣ አንተ ኮቴዬን እየሰማህ ከታች ቆፍር። ጫጩቶቼም በጉድጓድህ ይጠለሉ» አለችው።

ፍልፈል ደስ ብሎት ቁፋሮውን ጀመረ። ጎሽ የቀጠራቸው ቀንዳሞች አለት ገጥሟቸው ሲቆሙ፣ ፍልፈልና ቆቅ ግን ከአለቱ ሥር አልፈው ውኃውን መንደር አስገቡት።

ጎሽ እስኪበቃው ጠጣና፣ «ለሚቀጥለው ቦይ መቆፈር የሚችል ሁሉ ይምጣ!» ብሎ ተጣራ።

ፍልፈል ከጫጩቶቹ ጋር ውኃ እየተራጨ ነበርና፣ «ትንሽ ታገሠን፣ ጌታው!» አለው።

ተረቴን ተቀበሉኝ፣ ውኃ አጠጡኝ።