ፊታውራሪው የወደዱት ደንብ

ፊታውራሪ አንዳርጌ በስተርጅና ጎልፍ ልማር አሉ። አስተማሪያቸው ከሁሉ አስቀድሞ ደንቡን ነገራቸው። ተራ መጠበቅን ናቁት። በዱላ የገነጠሉትን ሣር መልሶ መትከልንም የሎሌ ሥራ ነው አሉ። የወደዱት አንዱን ብቻ ነው፤ ሰው ሲመታ ሌላው አይናገርም፣ አይንቀሳቀስም።

በማግስቱ አገሩን ሜዳው ላይ ሰብስበው፣ «እኔ ስመታ ንቅንቅ ያለ ሠላሳ ይገረፋል» ብለው አወጁ። ሕዝቡ በድን ሆነ። የበቅሎዎቹ ጭራ ታሰረ። ሳል የያዛቸው ቄስ የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ።

ፊታውራሪው ዱላውን ሰነዘሩ፤ ኳሷን ሳቷት። ደገሙ፤ ሣር ከነአፈሩ ተነቅሎ የአጥቢያ ዳኛው ጢም ላይ አረፈ። ዳኛው አላራገፈም። ሠለሱ፤ ኳሷ እዚያው ናት።

ፊታቸው ቀልቶ፣ አጠገባቸው የቆመውን ሣር አጫጅ ጠሩት።

«አጥፊውን ንገረኝ» አሉት። «እገሌ ተንቀሳቅሷል ካልክ እሱ ይገረፋል። ማንም አልተንቀሳቀሰም ካልክ ግን፣ ፊታውራሪው መምታት አይችሉም ማለትህ ነውና አንተ ትገረፋለህ።»

ሣር አጫጁ ጎረቤቶቹን አየ፤ ቀጥሎ ኳሷን አየ። ከዚያ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ጥፋቱ የኳሷ ነው።»

«እንዴት?»

«እርስዎ ሲያውጁ እሷም እዚሁ ነበረች። ዐዋጁ ለሰው ብቻ መሆኑ አልገባትም፤ ሠላሳ ጅራፍ ፈርታ ነው ንቅንቅ ያላለችው። እስቲ ዱላውን ከማንሣትዎ በፊት፣ መሄድ ተፈቅዶልሻል ይበሏት።»