የጀውሃር አህያ የጠገበችበት ቀን

የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በወሎ፣ በአንድ ቆላ ቀበሌ፣ አንዲት አህያ እስክትጠግብ በልታለች። ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ የአገሩ ሰው እስከ ዛሬ ከአፉ የማይጥላት አባባል የወጣችው ከዚያች አህያ ጥጋብ ነው።

ጌታዋ ጀውሃር የይመርን ልጅ ዘምዘምን ለማግባት ቋምጧል። አባትየው ግን፣ «ሐላልና ሐራሙን ለማይለይ ልጄን አልሰጥም። ሸህ ለጋስ ዘንድ ሄደህ ኪታብ ቅራ» አሉት።

አህያዋን እየነዳ ሄደ። ሸሁ ገንፎ አብልተው የሸሪዓ ደንብ መሠረት የተጻፈበትን ኪታብ ገለጡና የመጀመሪያውን ቂርአት፣ የዕለቱን ትምህርት፣ ጀመሩለት። «ችግር ሲጠና የተከለከለ ይፈቀዳል፤ ግን...» ከማለታቸው ጀውሃር ጫማውን አጥልቋል።

«ተቀመጥ እንጂ አንተ! ‹ግን› ቀርታለች እኮ!»

«ለ‹ግን› የዛሬ ሳምንት እመጣለሁ ሸህዬ። ዘምዘምን ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ!»

መንገድ ላይ ሞረሞረው። ከዳገቱ ሥር የሽምብራ እሸት አየ፤ አንድ እፍኝ በላ። ደንቡ ትዝ ሲለው ደገመ። አህያዋንም ሲያያት የቸገራት መሰለው፤ ለቀቃት። እሱ የእውቀትን ጥቅም እያደነቀ ጥላ ሥር ጋደም አለ። ሲነቃ ማሳው ተላጭቷል፤ ራስጌው የቆሙት ባለማሳ ደግሞ ይመር ራሳቸው ናቸው።

«ምን ጉድ ነው ይሄ?»

«አባባ፣ ተምሬ መጣሁ! ችግር ሲጠና የተከለከለ ይፈቀዳል።»

«ማሻአላህ! እንግዲያው እኔም ቸግሮኛል» ብለው የአህያዋን ገመድ ይዘው ሄዱ።

ጀውሃር እየሮጠ ሸሁ ዘንድ ተመለሰ። «ሸህዬ፣ ያቺን ‹ግን› አሁኑኑ ይስጡኝ!»

«ቀጠሯችን ለሳምንት አልነበር?»

«አህያዬ ተወሰደች! ዘምዘምም ልትቀርብኝ ነው!»

ሸሁ አብረውት ይመር ደጅ ወረዱ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል።

«ቀሪው፣ ‹ግን የሚፈቀደው በችግሩ ልክ ብቻ ነው› ይላል» አሉ። «እኔ ቤት ገንፎ በልተህ የወጣኸው ሰውዬ፣ ምን ያህል ቢጠናብህ ነው ማሳ የጨረስከው? አንተም ይመር፣ ሽምብራ የተበላበት ሰው ሽምብራውን ይጠይቃል እንጂ አህያ አይነዳም።»

ይመር ገመዱን መለሱ። «ሽምብራዬን ትተካለህ። ልጄን የምትጠይቀኝ ግን ኪታቡን ስትጨርስ ነው።»

«ስንት ገጽ ነው ሸህዬ?» አለ ጀውሃር በቀጭን ድምፅ።

«አራት መቶ።»

ደጁ በሳቅ ተናጋ። አንዲት ሴትዮ ሳቋን እየዋጠች፣ «ሸህዬ፣ እንዲያው ከዚህ የምንይዘውን ቢያብራሩልን?» አለች።

ሸህ ለጋስ ጋቢያቸውን አጣፉና ዳገቱን ጀመሩ። «አላብራራም፤ ግማሽ ቂርአት ሙሉ ማሳ ያስግጣል።»