ወለል የሌላት መኪና

ፊታውራሪ ይርዳው ጓሯቸው ውስጥ ሃያ ክረምት የከረመችውን የአሜሪካ መኪና ሊሸጡ ብለው አንድ መካኒክ አስጠሩ። የስንት ዘመን ምኞቱ ነበረችና እየከነፈ መጣ።

«አንዲት ብሎን አልተለወጠባትም፤ ሁለመናዋ አሜሪካ እንደሠራት ነው» አሉት፣ እንግዶቻቸው እየሰሙ። በሩን ከፍቶ ሊገባ ሲል ግን ፊታቸው ተለዋወጠ። «ስንት መኳንንት የተቀመጠባትን መኪና በዚህ ጭቃ ጫማ ልትረግጣት ነው? አውልቅ፤ አለዚያ አሽከሮቼ ያስወልቁሃል።»

መካኒኩ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ወለሉን ዝገት በልቶ ጨርሶት፣ ከመሪው ሥር ሣር በቅሏል።

«ጌታዬ፣ ሌላው ሁሉ አሜሪካ እንደሠራው ይሆናል፤ ወለሏ ግን የጓሮዎ መሬት ነው» አለ። «ደግሞስ ጫማዬን ካወለቅሁ እስከ ቤቴ በምን እነዳታለሁ?»