በአናት ላይ ያለፈ ምርቃት

የነፋስ ኃይል ማመንጫውን መብራት ወደ ሌላ ክልል የሚያሻግረው መስመር ይመረቃል ተብሎ፣ የተራራው ሥር ባላገር እንደ እህል ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሲጠብቅ ዋለ። ከፊት አንዲት ባልቴት ተቀምጣለች። ለሽቦው መንገድ ተብሎ የባሕር ዛፍ እርሻዋ እንዳለ ተመንጥሯል፤ በቤቷ ግን ዛሬም የሚበራው ያው ኩራዝ ነው። የመንደሩ ሁሉ እንዲሁ።

የመስመሩ ሥራ ኃላፊ ከቀትር በኋላ፣ አንድም ቀን ያልሠራበትን ቢጫ ሄልሜት ደፍቶ ደረሰ። ስለ ራሱ ልፋት አንድ ሰዓት ሙሉ ደሰኮረ። ከዚያ የቴሌቪዥን ካሜራ ወደ እሱ መዞሩን አየና ወደ ባልቴቷ ጠቆመ።

«እማማ፣ ይነሡና ይመርቁኝ! ብሶት አልፈልግም፤ ምርቃት ብቻ!»

ባልቴቷ ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ አለች። ምርቃት ነውና እሱም እንደ ወጉ ሄልሜቱን አውልቆ ጎንበስ አለ፤ እጆቹንም ዘረጋ።

«ልጄ፣ ለእኛ እንዳደረግህልን እግዜር ያድርግልህ።»

«አሜን!» አለ በድምፅ ማጉያው።

«ከድግስ ድግስ ይጥራህ።»

«አሜን!»

«ከፊት ወንበር ያስቀምጥህ።»

«አሜን!»

«የወጡ ሽታ ይድረስህ።»

«አሜን!» አለ፣ አፉ ለምዶበት።

«ሳህኑ ግን ልክ እንደ ሽቦህ በአናትህ ላይ እያለፈ፣ ጎረቤትህ ፊት ይቀመጥ። ጎረቤትህ ይጥገብ፤ አንተ አጨብጭብ።»

ኃላፊው ቀና ብሎ ሄልሜቱን መልሶ ደፋ። ባላገሩ ግን ምርቃት ያለ አሜን አይዘጋም ብሎ፣ በአንድ ድምፅ ጨረሰለት።

«አሜን!»