የጋሽ አስናቀ ሽምግልና

አንድ ቀን በሥራዬ ያገኘሁትን የሰው ምስጢር አወጣሁ። የሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ጎረቤታችን ጋሽ አስናቀ፣ ሚስቱ የሞተችበት ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ፕሮስቴቱ አብጦ ኦፕራሲዮን ሆኖ ነበር። ካርዱን ሳስቀምጥ «ከእንግዲህ ልጅ መውለድ ሊያስቸግረው ይችላል» የሚለውን አነበብኩ። ከሥሩ ዶክተሩ «የወንድነት አቅሙ ደህና ነው» ብሎ የጻፈውን ግን አላየሁትም። በዚያው ቀን ፀጉር ቤት ተቀምጬ፣ «ምስኪን፣ የወንድ ነገር አበቃለት» አልኩ።

ጋሽ አስናቀ ደግሞ የይርዳውን እህት ሙሉነሽን ሊያገባ አስቦ ኖሯል። እሷም ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ነበረች፤ እሺ ብላዋለች። የቀረው የወንድሟ ፈቃድ ነው። ይርዳው የጓደኛዬ የትርንጎ ባል ነው። መድኃኒት ቤት ሁለት ዓመት ዘበኛ ስለነበር፣ ስለ በሽታ የማያውቀው የለም።

እሁድ ጠዋት ይርዳው ቤት ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ሦስተኛው ራሱ ጋሽ አስናቀ ነው።

«ሙሽራው ራሱ ለሽምግልና ይመጣል እንዴ?» አለ ይርዳው።

«ምን ላድርግ ወንድሜ፣ የሚበልጡኝ ሰዎች አልቀውብኝ ነው።»

ተቀመጡ ቢባሉ፣ እንደ ወጉ፣ እሺታችሁን ሳንሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ።

«ጋሽ አስናቀ፣ አከብርሃለሁ» አለ ይርዳው። «ግን ፕሮስቴቱን ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው ለትዳር አይሆንም። ይሄ በሕክምና የታወቀ ነው። አገሩም እያወራው ነው። እህቴን ለወግ ብቻ አልድራትም።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፉ።

«ሐኪሜ ደህና ነህ ብሎኛል» አለ ጋሽ አስናቀ።

«በአፍ አይሆንም። ማኅተም ያለበት ወረቀት አምጣና ሽማግሌዎቹ ፊት ይነበብ።»

«አመጣለሁ፤ ደግ ብለሃል» አለ ጋሽ አስናቀ በትሕትና። «ቢላ የነካኝ ሰው ነኝና ማስረጃ ብጠየቅ አይከፋኝም። ብቻ እንግዳ ባለቤቱን አይቀድምም። አንተ ቢላ ያልነካህ ጤነኛ ነህ፤ ወረቀትም አያሻህ፣ ምስክርህ ጓዳ ናት። ትርንጎ ትጠራና የሃያ ዓመት ትዳራችሁን ለሽማግሌዎቹ ትናገር። እሷ ከተናገረችው ካነስኩ ሙሉነሽን አልጠይቅም፤ ራሴ እመለሳለሁ።»

እኔ ጓዳ ከትርንጎ ጋር ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ያ ወሬ ከማን አፍ እንደወጣ ስለማውቅ ቀና ማለት አቃተኝ። ትርንጎ ግን ቢላዋዋን አስቀመጠች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ነጠላዋን አስተካከለችና፣ «መጣሁ፣ ከየት ልጀምርላችሁ?» አለች።

ይርዳው ብድግ አለ።

«አንቺ እዚያው ሁኚ» አላት። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ፣ «እህቴን ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ እንጂ፣ ምን ያስቆማችኋል» አለ።

ሠርጉ በጥቅምት ሆነ። ሙሉነሽ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እያንጎራጎረች ግቢዋን ስትጠርግ ነው የማያት፤ ወረቀት የጠየቃት የለም። ጋሽ አስናቀ እግሩ ላይ ወድቄ ምሮኛል። ወሬዬን ሰምታችሁ ያመናችሁ፣ ካርዳችሁም እኔ እጅ ያለ፣ እባካችሁ ይቅር በሉኝ።